አዲስ ነህ ወይስ የታወቅህ?

ትናንት ሌሊት በሕልሜ ተያዝኩ። ያጠፋሁት ነገር ኖሮ አይደለም፤ ሰው በመሆኔ ነው የተያዝኩት።

አስቀድሜ ስለ ጠርሙሷ ልንገራችሁ፤ አለዚያ ፍርሃቴ አይገባችሁም። ስሜ ማንያዘዋል ደርሶ ነው። ሐዋሳ ውስጥ በአንድ የምርምር ተቋም ነፍሳትን እየለየሁ ስም አወጣለሁ፣ ተማሪም አስተምራለሁ፤ እንጀራዬ ይኸው ነው። ሰሞኑን ከአልጋችን ራስጌ አንዲት የማር ጠርሙስ ተቀምጣለች። ክዳኗን በምስማር በሳስቼዋለሁ። ውስጧ ከጓሯችን የአቮካዶ ዛፍ ላይ የያዝኳት አንዲት ትንሽ አረንጓዴ በራሪ አለች። ክንፏ ባለቤቴ ጥሩወርቅ ቴሌቪዥኑ ላይ ያለበሰችውን ዳንቴል ቁርጥ ስለሆነ፣ እኔ ይህን ወገን "ዳንቴል ክንፍ" እለዋለሁ።

የዳንቴል ክንፍ ዘመዶች በመልክ አይለዩም። ሁሉም አረንጓዴ፣ ሁሉም ባለ ወርቃማ ዓይን ናቸው። የሚለያቸው ዘፈናቸው ነው። ዘፈን ስላችሁ በአፍ አይደለም፤ ቅጠል ላይ ቆመው ሆዳቸውን ያርገበግባሉ፣ ቅጠሉ ይንቀጠቀጣል፣ የሚፈልጋቸው ደግሞ በእግሩ ይሰማቸዋል። የየወገኑ አረጋገብ ለየብቻው ነው። የእኔዋ ዘፈን ከታወቁት ሁሉ ተለየብኝ። ሌሎቹ ጥቂት ዘፍነው ያርፋሉ፤ እሷ ዕረፍት የላትም። በዚህ አንድ ነገር ላይ ተመሥርቼ አዲስ ዝርያ ናት ብዬ ጻፍኩ፣ ጽሑፉም ተቀባይነት አገኘ። ስሟን በጥሩወርቅ ስም አወጣሁት። ጥሩወርቅ ከዚያ ቀን ጀምሮ "ሞክሼዬ" እያለች ትጠራታለች፤ ለዕድርተኛውም ሁሉ ነግራ ለእሑድ ድግስ ጠርታለች። የሚቀረው ነገር ቢኖር እሷን በመርፌ ሰክቶ ሳጥን ውስጥ ማኖር ነው፤ አዲስ ስም የሚጸናው አንዱ ተሰክቶ ሲቀመጥ ነውና። ዛሬ ልሰካት ነበር ሐሳቤ። እንግዲህ ይህን ይዤ ተኛሁ።

በሕልሜ ጠዋት ነበር፤ ወደ ሥራ እሄዳለሁ። ፀሐይዋ ከሐይቁ ሥር ሆና ወደ ላይ ታበራለች፣ ጥላዬ መሬት መውደቁን ትቶ ሰማይ ላይ ተዘርግቶ ይከተለኛል። ባጃጆቹ ሰው ላይ ተሳፍረው ይሄዳሉ። አንዱ ሰውዬ ሁለት ባጃጅ አዝሎ የታቦርን ዳገት ሲወጣ ላቡ ይንጠፈጠፋል፤ ከላይ ያለችው ባጃጅ "ኧረ ፈጠን በል ወንድሜ፣ ቸኩያለሁ" ትለዋለች። ሐይቁ ዳር ዓሦች ወንበር ዘርግተው ተቀምጠዋል። በመንጠቋቸው ዳቦ እየሰኩ ወደ አስፋልቱ ይወረውራሉ።

"ዛሬ የሚያዘው ትንንሹ ብቻ ነው" አለ አንድ ሽማግሌ አምባዛ፣ ያወጣውን ሰው እያገላበጠ። "ይኼንን መልሼ ልልቀቀው፣ ይደግ።"

ማንም አልገረመውም። እኔንም አልገረመኝም። የተጨነቅሁት ሥራ የረፈደብኝ ስለመሰለኝ ብቻ ነበር።

ዳቦውን ላለመርገጥ ዘወር ስል አንድ ነጭ ነገር ከላይ ወረደብኝ። አጎበር መሰለኝ። አጎበር ሰውን ከትንኝ ይጠብቃል ብዬ ሳልጨርስ እግሬ ከመሬት ተነሣ፣ ራሴ ወደ ታች ዞረ፣ ጫማዬ አንዱ ወለቀ።

"ቀስ፣ እግሩ እንዳይሰበር" አለ ከላይ አንድ የሴት ድምፅ።

"እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም" አለ ሌላ፣ የወንድ።

አጎበር ያልኩት የነፍሳት መያዣ መረብ ኖሯል፤ አንዴ ተጠመዘዘና አፉ ተዘጋ። ይህን አጠማዘዝ ዐውቀዋለሁ። የያዙት እንዳያመልጥ መረቡን በእጅ አንጓ ዘወር የሚያደርጉት ሙያተኞች ብቻ ናቸው፤ እኔም እንዲሁ ነው የማደርገው። ሌባ ቢይዘኝ ይሻለኝ ነበር።

ወዲያው ጠርሙስ ውስጥ ነበርኩ። ክዳኑ በምስማር ተበሳስቷል፣ ግድግዳው ማር ማር ይላል። የተገኘሁበትን ነገር አብሮ ማስገባት ደንብ ነውና፣ ከአስፋልቱ አንድ ቁራጭ ቆርጠው ከሥሬ አነጠፉልኝ። የወለቀውን ጫማዬንም አብረው ጣሉልኝ። ጫማዬን አጠለቅሁና ተቀመጥኩ፤ ሌላ የማደርገው አልነበረኝም።

የተቋማችን በር ላይ ዘበኛው አባ ኮዳ ነበር፤ ያው ዓሣ ገበያው ዘንድ ጥቁር ካፖርት ለብሶ የሚቆመው ትልቁ ወፍ። እኛ ሰዎች ዓሣ ስንበልት የአጥንት ፍርፋሪ ይለምነን የነበረው ዛሬ ጠርሙሴን አስቁሞ በአንድ ዓይኑ አየኝ።

"ምንድን ነው የያዛችሁት?"

"ሰው ሳይሆን አይቀርም።"

"ሰው ከሆነ ይፈተሽ።"

ረጅም ምንቃሩን በክዳኑ አስገብቶ ኪሴን አንድ በአንድ በረበረ። "ኪሱ ውስጥ ሌላ ሰው የለም" አለና አሳለፈን።

ኮሪደሩ በሰልፍ ተሞልቶ ነበር። የተሰለፉት ጸሐፊዎች፣ ገንዘብ ያዦችና አንድ ወፍራም የመዝገብ ቤት ኃላፊ ነበሩ። ጠርሙሴ ባጠገባቸው ሲያልፍ እጅ እየነሡ፣ ማኅተማቸውን ወደ እኔ እየዘረጉ ይለምኑኛል።

"ጌታዬ፣ ስንመላለስ ክረምቱ ገባብን" አለ የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ። "እባክዎ አንዴ ማኅተም እናድርግልዎ።"

"ነገ ኑ" አልኩት። ለምን እንዳልኩት አላውቅም፤ ከአፌ ወጣ። ሰውዬው ዓይኑ እንባ አቅርሮ ሲመለስ፣ አይፈረድብኝና ደስ አለኝ። ደስታዬ ግን እስከሚቀጥለው በር ድረስ ነበር።

ክፍሉ የእኔ የሥራ ክፍል ነበር። ወንበሩ፣ ማጉያ መነጽሩ፣ ግድግዳው ላይ ያለው የተቀደደ ካላንደር ሳይቀር የእኔው ነው። የእኔ ወንበር ላይ ግን አንዲት ትልቅ ዳንቴል ክንፍ ተቀምጣለች። ክንፏ ከጀርባዋ ወርዶ ወለሉ ላይ ተነጥፏል። ዓይኖቿ ወርቃማ ናቸው፣ ወዴት እንደሚያዩ አይታወቅም። "ፕሮፌሰር" ይሏታል። ባጠገቧ አንድ ቀጭን ወንድ ዳንቴል ክንፍ ቆሟል፤ እሱን "ዶክተር" ይሉታል። ይህ ወገን ሲነኩት እንደሚገማ በሥራዬ ዐውቃለሁ። ዶክተሩ ማን እንደነካው እንጃ፣ ክፍሉ ግም ብሏል።

ፕሮፌሰሯ ጠርሙሱን ከፍታ አወጣችኝና ከነአስፋልቴ ጠረጴዛው ላይ አቆመችኝ። ማየት ጀመሩ፤ እሷ ትጠይቃለች፣ እሱ ይመልሳል።

"ክንፍ?"

"የለውም። ወድቆበት ይሆናል።"

"አንቴና?"

"የለውም። በፊቱ መካከል አንዲት አጭር ነገር አለች፣ ቀዳዳ ያላት።"

"አፍንጫዬ ነው" አልኩ።

"ሆድ?"

"ከሚገባው በላይ።"

ፕሮፌሰሯ ካፖርቴን በሁለት እግሯ ያዝ አድርጋ አሻሸችው። የዳንቴል ክንፍ ጫጩቶች የበሉትን ነፍሳት ቅርፊት ጀርባቸው ላይ ተሸክመው ይሄዳሉ፤ ጠላት እንዳያያቸው ነው።

"ይኸው" አለች፤ "ይኼም የበላውን ይሸከማል። ይህ የበግ ጠጉር ነው። ስንት በግ ቢበላ ነው እንዲህ ያለ የለበሰ?"

"ገዝቼው ነው፣ እመቤቴ" አልኳት። በጥያቄዋ አፍሬ ነበር፤ ደግሞ በግ መብላቴን መካድ አልቻልኩም።

ያን ጊዜ መጀመሪያ ወደ እኔ ቀና ብላ አየችኝ።

"አንተ" አለች፤ "አዲስ ነህ ወይስ የታወቅህ?"

ይህን ጥያቄ እኔ ስንቱን ነፍሳት ጠይቄአለሁ። መልሱ ምን እንደሚያስከትል ዐውቃለሁ። የታወቀ ከሆነ በመስኮት ይለቀቃል። አዲስ ከሆነ ክብር አለው፣ ስም ይወጣለታል፣ ሊቃውንት ይሰበሰቡለታል፣ መርፌ በደረቱ ያልፋል። ዕድሜዬን ሙሉ አዲስ ነገር አገኝ ብዬ ፈጣሪን ስለምን የኖርኩ ሰው፣ ያን ሰዓት አሮጌ ለመሆን ተመኘሁ። ተራ ሰው፣ በየመንገዱ የሚገኝ ሰው ልሁን ብዬ በልቤ ተሳልኩ።

"የታወቅሁ ነኝ" አልኩ ጮክ ብዬ። "በጣም የታወቅሁ ሰው ነኝ።"

ዶክተሩ ሳቀ። "ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው። ማን ያውቅሃል?"

"መታወቂያ አለኝ" ብዬ የቀበሌዬን አውጥቼ ሰጠሁት። ወደ ዓይኑ አቀረበው።

"ማን... ያዘዋል" ብሎ አነበበ። "ማን ያዘዋል?"

"እኛ" አለች ፕሮፌሰሯ። "እኛ ይዘነዋል። ደግሞ ይህ ስም ተገልብጧል። ወገን ይቀድማል፣ የራስ ስም ይከተላል። ደርሶ ማንያዘዋል ነው መባል ያለበት።"

እውነቷን ነው፤ በእኛ ሙያ የወገን ስም ነው የሚቀድመው። እናቴ ግን በዚያ ቅደም ተከተል ጠርታኝ አታውቅም። ስሜ ሲገለበጥ እኔው የተገለበጥኩ መሰለኝና ጠረጴዛውን በእጄ ያዝኩት። የፈሩት ይደርሳል ይባላል፤ የአባቴም ስም ደርሶ ነው፤ ከስሜ ቀድሞ ቆመ።

"ገና መፍረድ አይገባም" አለ ዶክተሩ። "ከታወቁት ጋር እናስተያየው።"

ሳጥኑን ሳበው። እንደዚያ ያለ ፍርሃት ከዚያ በፊት ፈርቼ አላውቅም። ሳጥኑ ውስጥ ሰዎች በተርታ ተሰክተዋል። መርፌው የሚያልፈው በመካከል አይደለም፤ ከመካከል ወደ ቀኝ ፈቀቅ ብሎ ነው፣ ደንቡ እንደዚያ ነው። ከእያንዳንዱ እግር ሥር ትንሽ ወረቀት አለች፦ ባለ ሱቅ፣ ሹፌር፣ አናጢ፣ መምህር። ለየወገኑ አንድ ሰው ቆሞለታል። መምህሩን ዐወቅሁት። ሰባተኛ ክፍል ጂኦግራፊ ያስተማሩን መምህር ዘገየ ናቸው። ክረምት ከበጋ የማይለዩት አረንጓዴ ሹራባቸው ቢጫ ሆኗል። ነፍሳት ሲሰካ አረንጓዴ ቀለሙ እንደሚለቅ ለተማሪዎቼ የምነግረው እኔ ነኝ።

ዶክተሩ አንሥቶ ከመምህር ዘገየ ጎን አስጠጋኝ። "ይዩ፤ ያው ግንባር፣ ያው ትከሻ፣ ያው የጠመኔ አቧራ። መምህር ነው። የታወቀ ነው፤ በመስኮት ይለቀቅ።"

ልቤ ዘለለች። መስኮቱ ክፍት ነበር፤ የአቮካዶው ቅርንጫፍ እስከ ውስጥ ገብቷል።

መምህር ዘገየ ከንፈራቸውን ሳያንቀሳቅሱ አንሾካሾኩልኝ። "ልጄ፣ አትንቀጥቀጥ። እኔን ያስያዘኝ መንቀጥቀጥ ነው። ጸጥ በል።"

ጸጥ ለማለት ጥርሴን ነከስኩ። ፕሮፌሰሯ ግን ራሷን ነቀነቀች።

"በመልክማ አንድ ናቸው" አለች። "በመልክ ሰውን ማን ይለያል? የሚለዩት በዘፈን ነው። ይዝፈን።"

ከዚያ አስፋልቴን መለሱልኝና እላዩ አቆሙኝ። ሁለቱም እግራቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው፣ አንቴናቸውን ወደ ኋላ ጥለው፣ ለማዳመጥ ተዘጋጁ። ምን ልዝፈን? ዘፈን አላውቅም። በሠርግ እንኳ ከማጨብጨብ አላልፍም። አፌን ሳልከፍት ገና ጉልበቴ መምታት ጀመረ። ከጉልበቴ ወደ አስፋልቱ፣ ከአስፋልቱ ወደ ጠረጴዛው ሄደ። እላዩ ያለው የሻይ ብርጭቆ ተንቃጨለ።

"ስማ" አለች ፕሮፌሰሯ ቀስ ብላ። ወርቃማ ዓይኗ ፈዘዘ። "ዶክተር፣ ትሰማለህ? ዕረፍት የለውም።"

ዶክተሩም ተመሰጠ። "እንዲህ ያለ አልሰማሁም። መምህሩ እንኳ በመካከል ያርፍ ነበር።"

"እንዴት ያለ ፍቅር ነው" አለች። "ምስኪን። ለማን ይሆን የሚዘፍነው?"

"ለእኛ ነዋ። ሌላ ማን አለ?"

"ዘፈን አይደለም" አልኩ። "እመቤቴ፣ ፈርቼ ነው። ፍርሃት ነው እንጂ ዘፈን አይደለም። ይተዉኝ፣ ልቀመጥና ትንሽ ልረጋጋ።"

ፕሮፌሰሯ በሐዘኔታ አየችኝ። ክፋት አልነበራትም፤ የሚያስፈራውም እሱ ነበር። "ናሙና ስለ ራሱ አይመሰክርም" አለች። "ደንቡን አንተም ታውቀዋለህ።"

ዐውቀዋለሁ። አንድም ቀን ጠርሙስ ውስጥ ያለን ነገር ምን ሆነሃል ብዬ ጠይቄ አላውቅም።

ፕሮፌሰሯና ዶክተሩ መርፌ ሊመርጡ ወደ ጓዳ ገቡ። በሩ ሲዘጋ መንቀጥቀጤ ቆመ። ብርጭቆው ዝም አለ፤ የራሴን ትንፋሽ ሰማሁ። መምህር ዘገየ ከሳጥናቸው ሆነው "ጎበዝ፣ እንዲሁ ሁን" አሉኝ። እንዲሁ እሆናለሁ አልኩ፣ ማልኩ። ከዚያ የበሩ እጀታ ዞረ፣ ወርቃማ ዓይን ብቅ አለ፣ ጉልበቴ እንደገና ይመታ ጀመር።

"አየህ" አለች ፕሮፌሰሯ ለዶክተሩ። "ስንወጣ ዝም ይላል፣ ስንመጣ ይዘፍናል። ናፍቆን ነው።"

ዶክተሩ ትንሽ ቅር ያለው መሰለ። አንቴናውን አሻሸ። "ቢሆንም ምስክር እንጥራ። አንድ ሰው ዐውቀዋለሁ ካለ እንለቀዋለን። እሱም ደንብ ነው።"

ጥሩወርቅን አመጧት። ከየት እንዳመጧት እንጃ፤ ኪሮሿን እንደያዘች፣ ዳንቴሏን ጉልበቷ ላይ እንዳደረገች፣ ከነወንበሯ ገባች። ሳያት እንባዬ መጣ። ሃያ ዓመት አብራኝ የኖረች ሚስቴ ናት፣ ከእንግዲህ መለቀቄ ያለቀ ነገር ነው ብዬ አሰብኩ።

"ወይዘሮ" አላት ዶክተሩ፣ "ይህን ያውቁታል?"

ጥሩወርቅ ኪሮሿን ሳታቆም ቀና ብላ አየችኝ። ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

"መልኩ ባሌን ይመስላል" አለች።

"ጥሩዬ" አልኩ፣ "እኔ ነኝ እኮ።"

"ድምፁም ይመስላል" አለች። "ግን ባሌ አይንቀጠቀጥም። ባሌ ደፋር ነው። አንድ ቀን እባብ ጓሮ የገባ ጊዜ ሳይቀር፣ እኔ ስጮህ እሱ ዝም ብሎ ቆሞ ነበር።"

ዝም ብዬ የቆምኩት መሮጥ አቅቶኝ ነበር። ያኔ ልነግራት ይገባ ነበር፤ አሁን ደግሞ ማን ያምነኛል?

"ትንሽ ጠብቂኝ" አልኳት። "አሁን እተወዋለሁ። አንዴ ብቻ ዝም ስል ታውቂኛለሽ።"

ሁሉም ጠበቁኝ። ፕሮፌሰሯ፣ ዶክተሩ፣ ጥሩወርቅ፣ ሳጥን ውስጥ ያሉት ሹፌርና ባለ ሱቅ ሳይቀሩ ዓይናቸውን እኔ ላይ ተከሉ። ጉልበቴን በሁለት እጄ ያዝኩት፤ እጄ ተንቀጠቀጠ። እጄን ብብቴ ውስጥ ከተትኩት፤ ትከሻዬ ተንቀጠቀጠ። ዓይናቸውን ባየሁ ቁጥር ባሰብኝ። ካፖርቴ ሳይቀር ተርገበገበ።

ጥሩወርቅ ዳንቴሏን አጠፈች። "ፈሪ ለእናቱ ነው" አለች፤ "ለሚስቱ አይደለም። ይህን አላውቀውም።"

"አዲስ ነው" አለች ፕሮፌሰሯ። ድምፏ ውስጥ የነበረውን ደስታ ዐውቀዋለሁ። እኔም ይህንኑ ቃል በዚያው ድምፅ፣ በዚያው ወንበር ላይ ሆኜ ተናግሬዋለሁ። "በባሌ ስም እሰይመዋለሁ። ሞክሼ ይሆነዋል፤ ደስ ይለዋል። ዕድርተኛውን ሁሉ እጠራለታለሁ።"

ዶክተሩ በጀርባዬ አስተኛኝ። ጥሩወርቅ ስትወጣ ኪሮሿን ጠረጴዛው ላይ ትታው ነበርና፣ ፕሮፌሰሯ ከመርፌዎቹ ሁሉ እሱን መረጠች፤ ለእኔ ውፍረት የሚበቃው እሱ ብቻ ነበር። ከደረቴ መካከል ጀምራ ወደ ቀኝ በእግሯ ለካች። የእግሯ ጫፍ ቀዝቃዛ ነበር።

"አይዞህ" አለችኝ። "ቀለምህ ትንሽ ይለቅቃል እንጂ ሌላ የምትሆነው ነገር የለም። እስከ መጨረሻው ግን ዝፈን፤ ደስ ይላል።"

እግዚአብሔር ምስክሬ ነው፣ ዘፈንኩ። ጠረጴዛው ተንቀጠቀጠ፣ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ፣ የሻይ ብርጭቆው ወድቆ ተሰበረ። ኪሮሹ ካፖርቴን አለፈ፣ ሸሚዜን አለፈ፣ ቆዳዬ ላይ ደረሰ።

ነቃሁ።

ደረቴን በስተቀኝ የሚወጋኝ የጥሩወርቅ ኪሮሽ ነበር። ዳንቴል እየሠራች እንቅልፍ ጥሏት፣ ክሩም ኪሮሹም ከሥሬ ገብቶ አድሯል። ነግቷል። ግቢው ውስጥ ለእሑዱ ድግስ ድንኳን የሚተክሉ ሰዎች ካስማ ሲመቱ ይሰማል። ጣራው የእኔ ጣራ ነው፤ ካፖርቴ ምስማሩ ላይ ተሰቅሏል። ሰው በሕይወቱ አንዴ እንኳ እንዲህ ነቅቶ ካላየ መንቃትን አያውቅም። አንገቴ ላብ በላብ ሆኖ ብቻዬን ሳቅሁ።

"ሌሊቱን ሙሉ አልጋውን ስታንቀጠቅጠው አደርክ" አለች ጥሩወርቅ ዓይኗን ሳትገልጥ። "ምን ሆነህ ነው?"

"ሕልም ነው።"

"ምን አየህ?"

"የታወቅሁ ሰው ነኝ እያልኩ ስማጸን።"

"እሱንማ ሳትተኛም ታደርገዋለህ" ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ተነሣሁ። መሰኪያ መርፌውና ሳጥኑ ከትናንት ማታ ጀምረው ራስጌ ጠረጴዛው ላይ ተዘጋጅተዋል። ከጎናቸው ጠርሙሷ አለች። ከአልጋው ማዶ ሆኜ አየኋት፤ አቮካዶ ቅጠሏ ላይ ክንፏን ገጥማ ጸጥ ብላለች። ደህና አደርሽ ልላት ቀረብኩ፣ ጎንበስ አልኩ። ፊቴ መስታወቱ ዘንድ ሲደርስ ሆዷ መርገብገብ ጀመረ፣ ቅጠሉ ተንቀጠቀጠ።

ወደ ኋላዬ ሄድኩ። ቆመች።

ቀረብኩ። ጀመረች።

ወደ ሳሎን ወጥቼ በሩን ገርበብ አደረግሁና በስንጥቁ አጮልቄ አየኋት። ለረጅም ጊዜ አየኋት። ያች ዕረፍት የለሽ ያልኳት በራሪ ዐርፋ ተቀምጣ ነበር። ተመልሼ ገባሁ፤ ቅጠሉ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ያን ሁሉ ቀን ዘፈኗን ሳዳምጥ አንድም ጊዜ ከሩቅ ሰምቼው አላውቅም። ሁልጊዜ አፍንጫዬን መስታወቱ ላይ አስደግፌ፣ ዓይኔን አፍጥጬ ነበር የምሰማት።

የአልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። አልጋው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ውጭ ካስማው እየተመታ ነው።

ጥሩወርቅ ከትራሷ ቀና አለች። መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥላ ጠርሙሷን አየችና ፈገግ አለች።

"አየሃት ሞክሼዬን?" አለች። "ገና ስታይህ እኮ ነው የምትዘፍንልህ።"